መመሪያው ከኮዱ ጋር ይደር

እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከአዘዞ ድረስ የመጣችሁም አላችሁ።

ቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ከጥቂት አመት በፊት ለአንድ ጤና ተቋም የመድሀኒት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሰርተን ነበር፣ መመሪያውን በወርድ ፅፌ በፍላሽ ሰጠኋቸው፣ ከዛ ሶፍትዌሩ በተነካ ቁጥር "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ ሁለት"፣ "የተስተካከለ የመጨረሻ" እያልኩ በቴሌግራም እልካለሁ። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ስሄድ መጋዘን የሚሰሩት እናት ከመመሪያዬ አንዱን ገፅ አትመው ከኮምፒውተሩ በላይ በቁስል ፕላስተር ለጥፈውታል። ጠጋ ብዬ ሳየው "አስገባ የሚለውን ይጫኑ" ያልኩትን በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰርዘው "መዝግብ" ብለውታል፣ ጎኑ ላይ ደሞ "ይሄ አሁን የለም" ይላል። ስሙን ከቀየርኩት እኮ ወራት አልፎት ነበር። ስንት ሰው የሌለ በተን ሲፈልግ ዋለ ብዬ ሳስበው እስካሁን ያመኛል።

ዛሬ የመጣሁት ያቺ የእስክሪብቶ እርማት እንዴት መመሪያው ውስጥ ትግባ የሚለውን ልነግራችሁ ነው። መመሪያው ከኮዱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ይደር፣ አርእስቱም ዝርዝሩም በቀላል ምልክት በሚፃፍበት በማርክዳውን ይፃፍ፣ የፋይሉን ለውጥ ሁሉ እየመዘገበ በሚያስቀምጠው በጊት ይያዝ፣ ገፁን ማሽን ይስራው። ያኔ የበተን ስም የቀየረ ልጅ በዛው ኮሚት፣ ማለት ጊት ላይ አንድ ላይ በሚመዘግበው ለውጥ፣ መመሪያውንም ይቀይራል፣ ካልቀየረ ደሞ ኮዱን የሚያይለት ሰው ይመልስበታል።

ገፅ የሚሰራው ፕሮግራም ስታቲክ ሳይት ጀነሬተር ይባላል፣ ጄኪልና ስፊንክስ በፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ አሉ፣ ሁጎ በ2013 መጣ፣ እኔ ግን ለዶክመንቴሽን ኤምኬዶክስን ነው የምወደው። ዳታቤዝ የለው ምን የለው፣ ፅሁፉን ወስዶ ብራውዘር የሚከፍተውን ኤችቲኤምኤል ያወጣል በቃ። "ኤምኬዶክስ ሰርቭ" ስትሉት ላፕቶፓችሁ ላይ በ8000 ፖርት ይከፈታል፣ ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር ገፁ ራሱ ይታደሳል፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ስራችሁ አይቆምም። "ቢውልድ" ስትሉት ደሞ "ሳይት" የሚል ፎልደር ይሰጣችኋል፣ እሱን ሰርቨር ላይ መጫን ነው። በፍላሽ ልትሰጡት ከሆነ ግን use_directory_urls የሚለውን ሴቲንግ ፎልስ አድርጉት፣ አለዚያ ሊንኩን ሲጫኑት ገፁ ሳይሆን የፋይል ዝርዝር ነው የሚመጣው።

አሁን የኛን ጉዳይ ስሙኝ፣ በአማርኛ ለሚፅፍ ሰው ይሄ ዋናው ነው። ኤምኬዶክስ ለአርእስት ሊንክ ሲሰራ የእንግሊዝኛ ያልሆነውን ፊደል ይጥለዋል፣ ስለዚ "መድሀኒት መመዝገብ" ያላችሁት አርእስት ሊንኩ _1 ይሆናል፣ ቀጣዩ _2። መሀል ላይ አንድ አርእስት ስትጨምሩ ቁጥሩ ሁሉ ይንሸራተትና ትላንት ለሰው የላካችሁት ሊንክ ሌላ ቦታ ያደርሰዋል። ፊደላችን የአለም ፊደሎች ኮምፒውተር ላይ በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ እና መፍትሄው አለ፣ የማውጫው (toc) ኤክስቴንሽን ላይ ስለጊፋይ የሚለውን፣ አርእስቱን ወደ ሊንክ የሚቀይረውን፣ ወደ ዩኒኮዱ ቀይሩት፣ ሊንኩም በአማርኛ ይሆናል።

ሌላው ኤዲቲንግ ነው። አንዱ ገፅ ላይ "መድሀኒት"፣ ሌላው ላይ "መድኃኒት" ከሆነ ቃሉን የሚፈልግ ሰው ግማሹን አያገኝም፣ አንዱን መርጣችሁ በሱ ፅኑ። የበተኑን ስም ደሞ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ፃፉት፣ ባታሳምሩት ይሻላል። ጎንደር "ላይ ቤት" "ታች ቤት" በሚባሉት የመፅሀፍ ትርጓሜ ትምህርት ቤቶች አንዱ ቃል አንድም እንዲ ነው አንድም እንዲያ ነው ሲባልበት የኖረ አገር ነው፣ እኔም የምኮራበት ነገር ነው፣ መመሪያ ላይ ግን አንድምታ ሰው ያሳስታል፣ በተለይ መድሀኒት ላይ።

ፅፋችሁ ስትጨርሱ ስራውን ለሚሰራው ሰው ስጡትና ጎኑ ቁጭ በሉ፣ አፋችሁን ይዛችሁ እጁን እዩ። የቆመበት ቦታ ነው የሚታረመው።

በሉ ላፕቶፕ ክፈቱ። ፍላሹ ላይ ፓይተኑም ኤምኬዶክሱም አለ፣ ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ ተቀባበሉ፣ የያንዳንዳችሁን የመጀመሪያ ገፅ ዞሬ አያለሁ።