ሙቀት የሚወደው ፓፓሎ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምደውለው ከዳላስ አካባቢ ነው። የድንብላል ቅጠል በየዓመቱ እዘራለሁ፤ አንድ ሁለቴ እንኳ ሳልቆርጠው አበባ አውጥቶ ያልቃል። ሜክሲኮዎች ሱቅ ውስጥ ፓፓሎ የሚሉት ቅጠል አይቼ ነበር፤ ሻጯ «የሰመር ሲላንትሮ ነው»፣ የሙቀት ወራት ድንብላል ማለቷ ነው፣ አለችኝ። በእሱ ልተካው?

መልስ፦ ይተኩት፣ እናቴ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ድንብላል ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል፤ ሙቀቱ ሲበረታና ቀኑ ሲረዝም ቅጠሉን ትቶ ወደ ዘር ይሮጣል። ፓፓሎ ደግሞ የሜክሲኮ ቆላ ተክል ነው፤ ድንብላሉን የሚገድለው ፀሐይ ለእሱ ምቾቱ ነው። ፑዌብላ በምትባለው የሜክሲኮ ከተማ ሴሚታ የሚባለው ሳንድዊች ያለ ፓፓሎ አይሟላም። ምግብ ቤቶች ቅርንጫፉን ውሃ ባለው ብርጭቆ እንደ አበባ ሰክተው ጠረጴዛ ላይ ያኖሩታል፤ የሚበላው ሰው ቅጠሉን ራሱ እየቀነጠሰ ይጨምራል። ስሙ የመጣው የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች በሚናገሩት በናዋትል ቋንቋ ቢራቢሮ ማለት ከሆነው «ፓፓሎትል» ነው። ውርጩ አልፎ አፈሩ ሲሞቅ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ላይ ይትከሉት። አንዱን ከሌላው ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ያራርቁ።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነኝ። አንድ ፓኬት ሙሉ ዘርቼ የበቀለልኝ ሦስት ብቻ ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የተረፈ ዘር ካለህ መዳፍህ ላይ አድርገህ እየው። እንደ መርፌ የቀጠነ ጥቁር ነገር ነው፤ ጫፉ ላይ በነፋስ የሚበርበት የፀጉር ጉንጉን አለው። ፀጉሩ የተሰበረ ወይም የረገፈ ዘር አብዛኛውን ጊዜ አይበቅልም። ፓኬት ውስጥ ሲታሽ የሚጎዳው እሱ ነው። ስለዚህ ፀጉሩ ሙሉ የሆነውን እየመረጥክ ዝራ፤ አፈር በስሱ ነስንስበት እንጂ አትቅበረው። ሌላው አፈሩ ነው፤ ከ21 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ ዘሩ ተኝቶ ሊበሰብስ ይችላል። አንተ ባለህበት አገር ቤት ውስጥ አብቅሎ በሜይ መጨረሻ ማውጣት ይሻላል።

ሦስቱን ግን አትናቃቸው! አንዱ ብቻ ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል። ጉልበትህ ጋ ሳይደርስ ጫፉን ቀንጥሰው፣ ጎን ለጎን ያቆጠቁጣል። ለአንድ ቤተሰብ ሦስት እግር ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኔ አብቅዬዋለሁ፤ ግን ሳሙና ሳሙና አለኝ። ልንቀለው ወይ?

መልስ፦ አይንቀሉት፣ እህቴ። ያረጀውን ቅጠል ቀጥፈው ይሆናል። አንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ቢያዩት ብርሃን የሚያሳልፉ ነጥቦች ይታያሉ፤ ዘይቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጤና አዳምም እንዲሁ ነው። ለቡና ጤና አዳም በእፍኝ አንጨምርም አይደል? ፓፓሎንም ለጋ ለጋውን፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ብቻ ከትፈው ቲማቲም ሰላጣ ላይ ከቃሪያው ጋር ይሞክሩት። ሎሚ ሲነካው ጠረኑ ይለሰልሳል። ያን ጊዜም ካልወደዱት፣ እውነቱን ለመናገር የሚወደው ሰው እንዳለ ሁሉ ፈጽሞ የማይለምደውም አለ።

ጥያቄ፦ አድርቄ ለክረምት ላስቀምጠው እችላለሁ?

መልስ፦ አይሆንም። ሲደርቅም ሲበስልም ጣዕሙ ይጠፋል። ጥሬውን፣ ምግቡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው የሚጨመረው። የቆረጡትን ውሃ ባለው ብርጭቆ ሰክተው ያቆዩት፤ የቀረውን ግቢ ውስጥ ውርጭ እስኪመታው እየቀነጠሱ ይብሉ።