በፈቃድ የሚኬድ መንገድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ እግር መንገድ ላውራችሁ።

ቦታው ሺፕስ ሄድ ይባላል። ደቡብ ምዕራብ አየርላንድ፣ ኮርክ ካውንቲ ውስጥ ያለ ጠባብ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በሰሜን የባንትሪ ባሕረ ሰላጤ፣ በደቡብ የደንማነስ። ሸንተረሩ ላይ ወጥታችሁ ግራና ቀኝ ስታዩ በሁለቱም በኩል ውሃ ነው። ዙሪያውን የሚዞረው መንገድ በፈረንጆቹ 1996 ተከፈተ። የመረቁት የያኔዋ ፕሬዝዳንት ሜሪ ሮቢንሰን ናቸው።

ስለ መልክዓ ምድሩ ብዙ ተብሏል፣ ፎቶውም ሞልቷል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። አየርላንድ ውስጥ በሰው መሬት ላይ እንደ ልብ የመራመድ መብት የለም። ጎረቤቷ ስኮትላንድ ግን ይህን በሕግ ፈቅዳለች። ስለዚህ ይህ መንገድ አብዛኛውን የሚያልፈው በገበሬዎች ግጦሽ መሃል፣ በእነሱ በጎ ፈቃድ ነው። ባለመሬቱ እምቢ ካለ መንገዱ እዚያው ይቆማል። የሰው ማሳ ረግጦ ማለፍ ምን እንደሚያስከትል እኛ አገር ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል!

እዚህ ግን አጥሩ ጋ ስትደርሱ መሻገሪያ ደረጃ ተሠርቶላችኋል። አጠገቡ ጥቁር እንጨት ቆሟል፤ ላዩ ላይ የሚራመድ ቢጫ ሰውዬ ተስሏል። እሾሃማው ሽቦ ላይ የበግ ጸጉር ተንጠልጥሏል። በጎቹ ቀና ብለው ያዩአችሁና ወደ ሣራቸው ይመለሳሉ።

በሰሜኑ በኩል ጎርታቫሊግ የሚባል ቦታ አለ። በ1840ዎቹ መዳብ ይወጣበት ነበር። ለማዕድን ሠራተኞቹ የተሠሩት ቤቶች ገደል አፋፍ ላይ ፈርሰው ቀርተዋል። ጣሪያ የላቸውም። እዚያ ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፉት እንጃ! እኔ በነፋሱ ብቻ ተማርሬያለሁ።

ጊዜ የሌለው ሰው ጫፍ ላይ ወዳለው የመርከብ መብራት ማማ የሚወስደውን ዙር ይሂድ። ወደ 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመንገድ ላይ ትንሽ ሐይቅ ታገኛላችሁ። ማማው ጥንታዊ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የተሠራው በ1968 ነው! ባንትሪ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ባለችው ዊዲ ደሴት ላይ የነዳጅ ማራገፊያ ስለተሠራ፣ ወደ ባንትሪ የሚገቡ ግዙፍ መርከቦች መብራት አስፈለጋቸው። መኪና መንገድ ስለሌለ ዕቃው በሄሊኮፕተር ነው የመጣው።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ አድርጉ፤ ረግረጉ ቀልድ አያውቅም። ውሻችሁን ቤት ተዉት፤ በግ ያለው ገበሬ ውሻ ማየት አይፈልግም። ዝግ በር ከፍታችሁ ካለፋችሁ መልሳችሁ ዝጉት።

በሚቀጥለው ክፍል ከባሕሩ ማዶ ወደሚታየው ባሕረ ገብ መሬት፣ ወደ ቤራ እንሻገራለን። ቤራ ነው ያልኩት፣ ቢራ አይደለም። ቻው!