የምሽት ሰዓታችንን መልሱልን

እንደምን ዋላችሁ። አሰላሙ አለይኩም። ርዕሰ መምህራችን፣ ምክትሎቻችን፣ ጡረታ ወጥታችሁ ዛሬ ለዓመት መዝጊያችን ብላችሁ የመጣችሁ ታላላቆቻችን፣ እናንተም ከኋላ ተቀምጣችሁ ቆሎውን ቀድማችሁ የጀመራችሁት፣ እንኳን ለዚህ አደረሰን።

ኮሚቴው ጠርቶ «አስራ አምስት ደቂቃ ተናገሪ» አለኝ። ስለ ምን ስል፣ «ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ራስን ስለ መንከባከብ» ተባልኩ። ሳቄ መጣ። እኔን የሚያውቅ ሰው ማታ የት እንደምገኝ ያውቃል፤ ወይ ምጣድ ላይ ነኝ፣ ወይ ደብተር ላይ ነኝ። ግን እሺ አልኩ። የምለው ነገር አለኝ።

በመጀመሪያ ቲክቶክ ላይ የምታዩትን እንተወው። ሻማ፣ አበባ የተነሰነሰበት ገንዳ፣ ፊት ላይ የተለጠፈ ዱባ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ገንዳ ያለው ሰው ቢኖር ውሃ ያጠራቅምበታል እንጂ አይተኛበትም። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ሥራው የሚያበቃበት ሰዓት ይኑረን። ቅባቱ ኋላ ይደርሳል።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ከምሽቱ 3 ሰዓት። ልጆች በልተዋል፣ ዕቃው ታጥቧል፣ የደሴ ብርድ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በሩ ሥር ገብቷል፣ እኔ ጋቢዬን ደርቤ ቁጭ ልል ነው። ስልኬ ድምፅ ያሰማል። የመምህራን ግሩፑ ነው። «ስም ጠሪዎች በሙሉ፣ የተማሪዎች ውጤት ሮስተር እስከ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ተጠቃሎ ይግባ።» ከዚያ ደግሞ ተከታትሎ «እሺ»፣ «እሺ»፣ «እሺ ጋሼ»፣ አውራ ጣት፣ አውራ ጣት፣ የታጠፈ እጅ። አንድ ሰው እንኳ «አሁን ማታ ነው» አይልም። እኔም አውራ ጣቴን ልኬ ጋቢዬን አውልቄ ተነሳሁ። ያ ሮስተር ደግሞ፣ ወላሂ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ የጠየቀው ሰው አልነበረም!

ምክትላችን እየሳቁ ነው። ይሳቁ፣ አልቀየምም። ግን ልንገርዎት፣ መልእክቱን እርስዎ ጽፈው ተኝተዋል። ያላንቀላፋነው እኛ ነን። እኛ ሀገር ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ማታ ድምፅ ሲሰማ ልቡ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም አለ፣ ስም አልጠራም። ለዚያ ሰው የሌሊት መልእክት መልእክት ብቻ አይደለም።

ይህን ስል «ሥራ ጠላች» የሚል አይጠፋም። ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልኩን ስለሚዘጋበት መብት ከሠራተኛው ጋር እንዲደራደር በሕግ አስገድዳለች። እነሱ ሥራ ጠልተው ነው? የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 በሥራ ጫና ተቃጥሎ ማለቅን በይፋ ከሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ብሎ መዝግቦታል። እኛ «ደከመኝ» ስንል ግን ቅብጠት ይሆናል።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ ወንዶች ጆሯችሁን ስጡኝ። እኔ ያደግሁት ተሁለደሬ ነው፣ ከሐይቅ ወጣ ብሎ፣ አያቶቼ ቤት። ማታ አባባ ከእርሻ ሲመለስ እምዬ ውሃ አሙቃ፣ ገበቴው ላይ አድርጋ፣ እግሩን ታጥበዋለች። ቁርጭምጭሚቱን ታሸዋለች፣ የተሰነጠቀ ተረከዙን ቅቤ ትቀባለች። እሱ ይመርቃል። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እናንተም ልጅ ሆናችሁ የእንግዳ እግር አጥባችሁ ተመርቃችኋል። እንግዲህ እምዬም በዚያ ቀን ውሃ ቀድታለች፣ ፈጭታለች፣ እንጨት ለቅማለች፣ አረም ላይም ውላለች። የእሷ እግር ግን እንዲሁ አቧራውን ይዞ ያድራል።

አንድ ክረምት እምዬ ታመመች። ወገቧን ነበር፣ ጎንበስ ማለት አቃታት። ከተሻላት በኋላም ገበቴውን ማንሳት አልቻለችም። አባባ ምን አደረገ መሰላችሁ? በሩን ዘጋ። መቀርቀሪያውን ጣለ። ውሃውን ራሱ አሞቀና የእሷን እግር ያጥብ ጀመር። አያውቅበትም እኮ! ሞፈር የያዘ እጅ ነው፣ መዳፉ እንደ ሞረድ ነው፤ እሷ «ቀስ በል፣ ቆዳዬን ገፈፍከው» ትላለች፣ እሱ «ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» ይላል። እኔ መደብ ላይ ተኝቼ በብርድ ልብሱ ቀዳዳ አያለሁ። በየማታው እንዲህ ሆነ። የገረመኝ፣ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ ቀድማ መተኛት ጀመረች።

ኋላ አንድ ቀን ጎረቤታችን እሳት ልትጭር መጣች። ለካ ያን ዕለት መቀርቀሪያው አልተጣለም። ገፋ አድርጋ ስትገባ አባባ ተንበርክኮ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የእምዬ እግር ጭኑ ላይ ነው። ሴትዮዋ ፍሙን ሳትወስድ ተመለሰች። ከዚያማ ቀበሌው በሙሉ አወራው። «አስነክታዋለች» ተባለ። «የሆነ ነገር አቅምሳው ነው» ተባለ። አባባ የሚቀመጥበት የቡና ቦታ እንኳ ወሬው ሌላ መሆኑ ቀረ። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ማታ ለበሬዎቼ ጭድ ሳቀርብ ያወራ ሰው አላየሁም» አላቸው። ከዚያ በኋላ መቀርቀሪያውን መጣሉንም ተወው።

ይኸው እምዬም አባባም የሉም። እኔ ግን ዛሬም የማየው ያንኑ ነው። እዚህ ያለን ባልና ሚስት መምህራን ስንት ነን? አብረን ክፍል እንገባለን፣ አብረን እንወጣለን፣ ከሰኞ ገበያ አብረን በባጃጅ እንመለሳለን፤ ቤት ስንደርስ እሱ ዜና ያያል፣ እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ከዚያ «ራስሽን ተንከባከቢ» እባላለሁ። በየት በኩል? የዓለም የሥራ ድርጅት በፈረንጆቹ 2018 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ካለው የማይከፈልበት የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ከአራት እጅ ሦስቱን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እኔ በወሎ ቢለካ ከዚህ የሚያንስ አይመስለኝም! አጨብጭቡ እንጂ፣ ወንዶችም አጨብጭቡ፣ አይጎዳችሁም።

እሺ፣ የታዘዝኩትን ደግሞ ልናገር።

ያ የእግር ውሃ ዋዛ አይደለም። እግር ሲሞቅ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ሙቀቱ በእግርና በእጅ በኩል ይወጣል፣ የውስጥ ሰውነት ቀዝቀዝ ይላል፤ እንቅልፍ የሚመጣውም ያን ጊዜ ነው። በፈረንጆቹ 2019 ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ከመኝታ 1 ወይም 2 ሰዓት በፊት ከ40 እስከ 42.5 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ መታጠብ እንቅልፍን እንደሚያፈጥን ታይቷል። እግር ብቻ ቢሆንም ይረዳል። ቴርሞሜትር አትፈልጉ፣ ክርናችሁን ንከሩበት፤ ካላቃጠለ ይሆናል። ስኳር ያለባችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ እግራችሁ ሙቀቱን ላይነግራችሁ ይችላል። አንድ ሳፋ ውሃ ነው። እኔ ጨው ጣል አደርግበታለሁ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ደስ ይለኛል።

ቡና ላይ እንዳትጣሉኝ። ወሎ ውስጥ ቆሜ ቡና አትጠጡ ብል እዚሁ ትወግሩኛላችሁ። ግን ካፌይን ከሰውነታችን እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል፤ ከጠጣን 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ እንኳ ግማሹ ገደማ አለ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በረካውን የጠጣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹን ይዞት ነው የሚተኛው። ስለዚህ የማታዋን ቡና ወደ ቀን እናምጣት። ማታ እጣኑ ይጭስ፣ ጨዋታው ይድራ፣ ስኒው ውስጥ ግን የጤና አዳም ወይም የዝንጅብል ሻይ ይሁን። ዱዓውም ምርቃቱም አይቀርም።

ሴቶች፣ ወይባ የቅዳሜ ነው፣ የሥራ ቀን አይደለም። ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ወይባውን አጭሶ፣ ብርድ ልብስ ደርቦ ላብ እስኪንጠፈጠፍ መቀመጥ ከስፓ ምን ያንሳል? ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ አስም ያለባችሁ ግን ይቅርባችሁ።

ይቺን ደግሞ ሳልል አልወርድም። ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል ያለበት ማንደጃ ይዛችሁ በርና መስኮት ዘግታችሁ እንዳትተኙ። የከሰሉ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ይገድላል። በዚህ ቀልድ የለም።

ስልክ ከመኝታ ቤት ይውጣ። የደወል ሰዓት በትንሽ ብር ይገዛል። ስለ እንቅልፍ ሰዓት የሚባለው ይታወቃል፣ ለአዋቂ ቢያንስ 7 ሰዓት ነው፤ እሱን አልደግመውም።

አሁን ወደ መጣሁበት። ይሄ ንግግር ብቻ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ከመስከረም ጀምሮ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በግሩፑ የሥራ ትእዛዝ አይላክ። ለቅሶ ከሆነ፣ የታመመ ካለ፣ ተማሪ የጠፋ እንደሆነ ይደወል፣ በሌሊትም እንነሳለን፤ ሮስተር ግን ሌሊቱን የትም አይሄድም። የተላከ ካለም እስከ ጠዋት አይመለስ፣ አውራ ጣትም አይላክ።

የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ። ከፍ አድርጉት። ምክትላችን፣ እርስዎም። ርዕሰ መምህራችን፣ እየጠበቅሁ ነው። ጸሐፊያችን፣ ቁጥሩን ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሪልኝ፤ ያላወጡትንም በስም።