እርግብግቢቱን አትጫኑ፣ ልጁን አገላብጡት

ውድ እናቶችና አባቶች፣ የልጅ ልጃችሁን ታቅፋችሁ የመጣችሁ እናቶቻችንም፣ እንደምን አደራችሁ? ጨቅላ ይዞ ከፒያሳም ሆነ ከካዛንቺስ በታክሲ ተጋፍቶ አራት ኪሎ መድረስ ቀላል አይደለም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ለ45 ቀን ክትባት የሚመጡ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «ሲስተር፣ ጭንቅላቱ በአንድ በኩል ጠፍጠፍ አለብኝ። እንዲህ ሆኖ ይቀር ይሆን?»

አብዛኛውን ጊዜ አይቀርም። የሕፃን ራስ ቅል ገና አልገጠመም። በአጥንቶቹ መሀል ክፍተት አለ። ከፊት ያለው እርግብግቢት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይገጥማል። ምጥ የጠናበት ልጅ ጭንቅላቱ ሾጠጥ ብሎ ወይም አብጦ ቢወለድ አትደንግጡ። እብጠቱ በቀናት ይጎድላል። ደም የቋጠረ ከሆነ ሳምንታት ይፈጃል። እናቶቼ፣ በቅቤ እያሻችሁ የምትጫኑት ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እጅ አጥንቱን አያቀናውም፤ ሊጎዳው ይችላል። እባካችሁ ተዉት።

ከወር ከሁለት ወር በኋላ የሚመጣው መጠፍጠፍ ሌላ ነው። ልጁ ሁሌ በአንድ ጎን ሲያርፍ ነው የሚመጣው። ቤታችንን እናስበው። አንድ ክፍል ናት፤ አልጋው ግድግዳ ተጠግቷል። ልጁ ወደ ግድግዳው ምን አለው? ብርሃኑም እናቱም ቴሌቪዥኑም በወዲህ በኩል ናቸው። ሌት ተቀን ወደዚያው ይዞራል። መፍትሔው ብር አይጠይቅም። ዛሬ በራስጌ ካስተኛችሁት ነገ በግርጌ አስተኙት።

በጀርባው ማስተኛት ግን አይቀየርም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ሕፃናት በጀርባ እንዲተኙ ሲመከር በእንቅልፍ የሚደርሰው ድንገተኛ ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ጠፍጣፋ ጭንቅላት ግን በዛ። ይህን ሰምታችሁ በሆዱ እንዳታስተኙት፣ አደራ! በሆዱ የሚሆነው ነቅቶ፣ እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ ነው። መጀመሪያ 3 ደቂቃ ይበቃል፤ በቀን ሁለት ሦስቴ። ያለቅሳል፤ አይዟችሁ፣ ይለምደዋል። እቅፍም ያው ነው፤ ጭንቅላቱ ከፍራሹ ጫና ያርፋል። አንገቱ ሲጸና ደግሞ አንቀልባችን አለልን። እናቶቻችን ሲያዝሉን የጭንቅላታችንን ጀርባ ምንም አይጫነውም ነበር።

መሀሉ ጎድጎድ ያለ የጭንቅላት ማስተካከያ ትራስ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ። ልጁን ሊያፍነው ይችላል።

አንገቱን ወደ አንድ ጎን ማዞር እምቢ ካለ፣ ወይም አንዱን ጡት ብቻ ከመረጠ፣ የአንገቱ ጡንቻ ተኮማትሮ ሊሆን ይችላል። ቶሎ አምጡት። እንቅስቃሴውን እናሳያችኋለን፤ በጊዜ ከተጀመረ በደንብ ይስተካከላል።

እርግብግቢቱ ያለጊዜው ከገጠመ ወይም ካበጠ፣ ጭንቅላቱ ላይ እንደ ሸንተረር ጠንከር ያለ መስመር ከዳሰሳችሁ፣ ጭንቅላቱ በፍጥነት እየተለቀ ከሄደ ወይም ዓይኑ ቁልቁል ከቀረ፣ «ሲያድግ ይተወዋል» አትበሉ። ይህ የአተኛኘት ጉዳይ አይደለም። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

አሁን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ። ኮፍያውን አውልቁና ከአናቱ በላይ ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ሁለቱ ጆሮዎች እኩል ናቸው ወይስ አንዱ ወደ ፊት ገፋ ብሏል? ከትንንሾቹ እንጀምር።