ያልተቃኘው ሳጥን፦ የቲዩብ አምፕ «እምምም» ከየት ይመጣል?

ዮኒ፦ ጤና ይስጥልኝ ከባሕር ዳር። ዛሬ ቤት ውስጥ የተሠራ የጊታር ቲዩብ አምፕ፣ ማለት በመስታወት ቲዩብ ድምፅ የሚያጎላው ሳጥን፣ ለምን እምምም እንደሚል ነው የምናወራው።

ቤቲ፦ መጀመሪያ ግን የክራሩን ንገራቸው በናትህ።

ዮኒ፦ እሱማ! ምን መሰለሽ፣ አምፑን በረንዳ ላይ አውጥቼ እየሞከርኩ ነው፣ ማታ ከጣና የሚመጣውን ነፋስ ታውቂው የለ፣ ጎረቤታችን ጋሼ ክራራቸውን ይዘው ከች አሉ። ፒካፕ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን፣ አስገጥመውበታል። እሱን ሰካንና ባቲ ሊቃኙ ጀመሩ፣ ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ፣ አንዷ ክር እምቢ አለች። ዝም ብለው ቆዩና ጆሯቸውን ወደ አምፑ አስጠግተው «ልጄ፣ ክራሬ ደህና ነው፣ ያልተቃኘው ሳጥንህ ነው» አሉኝ።

ቤቲ፦ ኧረ ጆሮ!

ዮኒ፦ ጊታር አነሳሁና ወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ሶል መታሁ። ሶል 98 ኸርዝ ነው፣ እምምታው ከሱ ትንሽ ከፍ ብሎ 100 ላይ ተቀምጧል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ድምፁ በሰከንድ ሁለቴ ዋው ዋው እያለ ይወዛወዛል። ጋሼ የሰሙት እሱን ነው!

ቤቲ፦ እኔ ግን ክራር አምፕ ውስጥ ባይገባ ነው የምመርጠው። ቆዳው ራሱ ይናገራል።

ዮኒ፦ ቲዩብ ውስጥ ሲገባ እኮ ይሞቃል፣ ወፍራሟ ክር ስትመታ ደረትሽ ላይ ነው የምታርፈው!

ቤቲ፦ ሠርግ ላይ እሺ። ቤት ውስጥ ግን አይሆንም።

ዮኒ፦ ሠርጉን ከተቀበልሽ ይበቃኛል። ጋሼ ደግሞ አልሄዱም፣ ዓሣ ተጠብሶ በላን፣ አንቺ ሆዬን ተጫወቱ፣ እኔ ዓይኔ አምፑ ላይ ነው።

ቤቲ፦ እና 100 ከየት መጣ? መብራታችን 50 አይደል?

ዮኒ፦ አዎ፣ የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ሬክቲፋየሩ፣ መብራቱን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዞረው ክፍል፣ የሞገዱን የታችኛውን ግማሽ ወደ ላይ ሲገለብጠው 100 ይሆናል። ስለዚህ 100 ከሰማሽ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅመው ሞገዱን የሚያለሰልሱት፣ ናቸው፣ ወይ ግራውንዳቸው፣ የጋራ መመለሻቸው፣ የታሰረበት ቦታ። 50 ከሆነ ግን የፊላሜንት፣ ማለት የቲዩቡ ማሞቂያ፣ ሽቦ ነው፣ ወይ ግራውንድ ሉፕ፣ ግራውንዱ በሁለት መንገድ ታስሮ ቀለበት ሲሠራ። ሳትከፍቺው በጆሮሽ ግማሹን ጨረስሽ ማለት ነው!

ቤቲ፦ ቮልዩሙንስ?

ዮኒ፦ ዜሮ አድርጊው። ከጠፋ ችግሩ ከቮልዩሙ በፊት ነው፣ ካልጠፋ ከሱ በኋላ። የኔ አልጠፋም። የመጀመሪያው ካፓሲተር ከአሮጌ ራዲዮ የወጣ ነበር፣ ደርቋል፣ ጫፉ ላይ ቡናማ ነገር አፍስሷል። በአዲስ ስቀይረው ጸጥ አለ።

ቤቲ፦ ጓደኞቼ የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ቆርጠው ነው እምምታውን የሚያጠፉት። ይሠራል እኮ።

ዮኒ፦ እንዳታደርጉት! ያ እግር ኧርዙ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው መከላከያ፣ ነው። ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ ሻሲውን፣ የአምፑን የብረት አካል፣ ቢነካ ኤሌክትሪኩ በጊታሩ ክር እጅሽ ላይ ነው የሚመጣው።

ቤቲ፦ የተከራየሁት ቤት ሶኬት ኧርዝ የለውም፣ ምን ልሁን?

ዮኒ፦ ኤሌክትሪሺያን ጥሪ።

ቤቲ፦ አከራዬን አታውቃትም!

ዮኒ፦ እግሩ ግን አይቆረጥም። ካፓሲተርም ቢሆን አምፑ ከተነቀለ በኋላ 300 ቮልትና ከዚያ በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ በሬዚስተር አፍስሱት፣ በቴስተር ለኩት፣ ከዚያ ነው እጅ የሚገባው።

ቤቲ፦ የፊላሜንቱን ቶሎ በል፣ ሰዓት ሄደ።

ዮኒ፦ ሁለቱን ሽቦ አጥብቆ መገመድ፣ የሻሲው ጥግ ላይ ማስኬድ፣ ከግሪድ ሽቦ፣ ሲግናሉን ወደ ቲዩቡ ከሚያስገባው፣ ማራቅ። ትራንስፎርመሩ ለፊላሜንቱ መሐል መውጫ ሽቦ ከሌለው፣ ከሁለቱም ሽቦ አንድ አንድ 100 ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ማሰር።

ቤቲ፦ የኔ ጊታር ስዞር ድምፁ ይቀንሳል፣ እሱስ?

ዮኒ፦ እሱ ፒካፕሽ ነው፣ የትራንስፎርመሩን ማግኔት እየለቀመ ነው። መጀመሪያ የጊታሩን ገመድ ከአምፑ ንቀሉት። አምፑ ዝም ካለ ዊንዲቨር አታንሱ።