ከኮምቦልቻ ደሴ በሦስት ሕንፃ

[ምስል፦ ማለዳ፣ ሀረጎ ዳገት። መኪኖች ጥምዝምዙን እየወጡ ነው።]

ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ሀረጎን ስትወጡ ጆሯችሁ ድፍን ይላል አይደል? ከታች እስከ ላይ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ስለምትወጡ ነው። አሁን ይህን ዳገት በልባችሁ ያዙልኝ። አዲስ አበባ ሰንጋ ተራ ላይ የቆመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቁመቱ 209 ሜትር ነው። ሦስት እንደሱ ዓይነት ሕንፃ አንዱን ባንዱ ላይ ብንደረድር፣ ከኮምቦልቻ ተነስተን ደሴ ደጃፍ እንደርሳለን።

ሰላም ወገኖች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ሕንፃ ነው።

[ምስል፦ ደሴ ፒያሳ።]

«የአዲስ አበባ ፎቅ ለደሴ ልጅ ምኑ ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ባንክና ደሴ ግን የቆየ ትውውቅ አላቸው። አፄ ምኒልክ ያስጀመሩት የአቢሲንያ ባንክ በ1923 ዓ.ም በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ያ ባንክ ጥቂት ቅርንጫፎች ብቻ ነበሩት። ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጎሬ፣ ደብረ ታቦር፣ ደሴም። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ መጣ። እሱ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሆነ። የዛሬው ሕንፃ ባለቤት ይህ ሁለተኛው ነው።

ሥራውን የያዘው ሲ.ኤስ.ሲ.ኢ.ሲ. የሚባለው የቻይና መንግሥት የግንባታ ኩባንያ ነው። ግንባታው እንደ ፈረንጆቹ በ2015 ተጀምሮ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም ተመረቀ። 53 ወለል አለው። የወጣበት ገንዘብ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

እሺ፣ ቁጥሩ ይበቃናል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ይህን የሚያህል ነገር እንዴት ነው ቀጥ ብሎ የሚቆመው?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳሙና። ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ተሰክተውበታል፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረዥም።]

ይህንን ቤታችሁ ሞክሩት። ሳሙናውን ቀስ አድርጌ ወዲያ ወዲህ ሳንቀሳቅሰው ረዥሙን ሽቦ ተመልከቱ። ጫፉ ይወዛወዛል። አጭሩ ግን ንቅንቅ አይልም። አሁን ደግሞ በፍጥነት ላንቀጥቅጠው። አያችሁ? አጭሩ ተንዘፈዘፈ፣ የረዥሙ ጫፍ ደግሞ ባለበት የቆመ ይመስላል።

ሕንፃም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ የራሱ የመወዛወዣ ጊዜ አለው። በግምት ለአንድ ፎቅ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያዙ። ባለ 3 ፎቁ ደርሶ ለመመለስ 0.3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ ባለ 50ው ደግሞ ወደ 5 ሰከንድ።

ይህ ነገር እኛን በቀጥታ ይነካናል። በ1953 ዓ.ም ከኛ ወደ ደቡብ፣ ካራ ቆሬ አካባቢ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር። ማጀቴ ከተማ ፈራርሳለች። ቅርብ ያለ መንቀጥቀጥ ፈጣን ነው፣ አጫጭሩን ቤት ነው የሚያገኘው። ከሩቅ የሚመጣው ደግሞ መንገድ ላይ ፈጣኑ ንዝረት ይደክምና ዝግ ያለው ይቀራል። በታኅሣሥ 2017 የአዋሽ ፈንታሌ ንዝረት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ የነበሩ ሰዎች በደንብ የተሰማቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ «የኛ ሕንፃ አራት ፎቅ ብቻ ነው፣ ምን ይሆናል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ሳሙና አሳዩት። እባካችሁ አሳዩት። ደሴ የተቀመጠችው ስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ነው።

ታዲያ ረዥሙን ማን ይይዘዋል? ሰው መስታወቱን ያያል፣ መስታወቱ ግን ፎቁን አይሸከምም። በእንዲህ ዓይነት ሕንፃ ውስጥ ዋናው ጉልበት የሚገኘው መሀል ላይ ነው። ሊፍቱና ደረጃው ያሉበት ቦታ ዙሪያውን በወፍራም የአርማታ ግድግዳ ይታጠራል፣ ውስጡ ፌሮ የታጨቀበት። ከመሠረት እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይወጣል። ነፋስ ሲገፋ፣ መሬት ሲነቃነቅ ግፊቱን በብዛት የሚቀበለው እሱ ነው። ዳር ዳር ያሉት ኮለኖች ክብደቱን ያግዙታል።

ውሃውስ? እኛ ጣራ ላይ ሮቶ እንሰቅላለን፣ አለቀ። ውሃ ግን በየ10 ሜትሩ 1 ባር ግፊት ይፈልጋል። 200 ሜትር ለማውጣት 20 ባር ማለት ነው። የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው ወደ 2 ባር ነው፣ አሥር እጥፉን አስቡት። አንድ ሮቶ ጫፍ ላይ አስቀምጠን ወደታች ብንለቀው ምድር ቤት ያለውን ቧንቧ ያፈነዳዋል። ስለዚህ ረዣዥም ሕንፃዎች መሀል መሀል ላይ ማጠራቀሚያና ፓምፕ ይኖራቸዋል፣ ውሃው በቅብብል ይወጣል።

[ምስል፦ አይጠየፍ፣ ከሩቅ።]

የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የደሴውን ትልቅ የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን፣ ሲያሠሩ ሐሳባቸው ወደ ላይ አልነበረም። ግብር ይበላበት ነበርና ሰው በአንድ ጣራ ሥር እንዲቀመጥ ሰፊ ወለል ያስፈልጋል። ስሙም ይናገራል፣ ማንንም አይጠየፍም። ሰንጋ ተራ ላይ ግን መሬቱ ውድ ነው፣ ሠራተኛው ብዙ ነው፣ ወለሉ ተቆራርጦ መደራረብ ነበረበት።

አዲስ አበባ ስትሄዱ ከረዥሙ ሕንፃ በፊት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለውን ክቡን የባንክ ሕንፃ እዩልኝ። የፈረንሳዊው አርክቴክት የአንሪ ሾሜት ሥራ ነው። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው። ገንዘብ ሊያወጣ የመጣው ሰው የሚቆምበት ትልቅ ክብ አዳራሽ አለው፣ አይጠየፍን ያስታውሰኛል።

በሚቀጥለው ቪዲዮ ሜትር ይዘን አይጠየፍ እንገባለን። ሽቦውንና ሳሙናውን የሞከራችሁ ቀርጻችሁ ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።