ጫማውስ የት አለ?

እንደምን አላችሁ፣ አድማጮቼ። ዛሬም የምናገረው ከጎንደር ነው፣ ከፒያሳ ዝቅ ብላ ከምትገኘው ክፍሌ። በመካከሉ የባጃጅ ጩኸት ከሰማችሁ ታገሡኝ፤ መስኮቱን ዘግቼዋለሁ፣ የዚህ ሰፈር ባጃጅ ግን ለመስኮት ግድ የለውም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን አንድ ጥያቄ ዛሬ ልመልስ። ካሜራህ የሰውን ዓይን ራሱ ፈልጎ የሚይዝ ሆኖ ሳለ፣ ልጆችን ስታነሣ ያንን አሮጌ ሌንስ ለምን ትገጥማለህ ይሉኛል። ልጅ አንድ ቦታ አይቆምም፤ በእጅ የሚዞር ሌንስ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። ሁለቱን ማገናኘት ራስን ማድከም አይሆንም ወይ? ይሆናል። ድካሙን ግን እፈልገዋለሁ።

መጀመሪያ ሌንሱን ላስተዋውቃችሁ። ሄሊዮስ 44-2 ይባላል። ባለ 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ የብርሃን መግቢያ ቀዳዳው እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ሲበዛ ይጠብባል። የሶቪየት ኅብረት ሥሪት ሲሆን፣ ዜኒት በተባለው ካሜራ ላይ ተገጥሞ በብዙ አገሮች ተሸጧል። ንድፉ ግን ቀደም ሲል ጀርመኖቹ የካርል ዛይስ ሰዎች ከሠሩት ቢዮታር ከተባለው ሌንስ የተወረሰ ነው። ለእኔ የደረሰኝ በአጎቴ በኩል ነው። እርሱ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት ብዙ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበር፤ ሲመለስ ዲግሪውን፣ አንድ ወፍራም ካፖርትና ዜኒቱን ይዞ ገባ። ካፖርቱ ለጎንደር አየር አልሆነም። ካሜራው መዝጊያው ተበላሽቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ከረመ። ሌንሱ ግን ምንም አልሆነም። ግንባሩ ላይ የተቀረጸው ተከታታይ ቁጥር በ78 ይጀምራል፤ በእነዚህ ሌንሶች ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች አብዛኛውን ጊዜ የተሠሩበትን ዓመት ስለሚያመለክቱ፣ በአውሮፓውያኑ 1978 የተሠራ መሆን አለበት። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር።

ካሜራው ላይ የሚገባው በጥርስ ተጠምዝዞ ነው፤ የጥርሱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው። ከዛሬው ዲጂታል ካሜራዬ ጋር የምታገናኘው አዳፕተር የምትባል አንዲት የብረት ቀለበት ናት። በእርሷ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አያልፍም። ስለዚህ ካሜራው ሌንስ እንደተገጠመለት እንኳ አያውቅም፤ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ያለ ሌንስ እንዲያነሣ ካልፈቀዳችሁለት አልሠራም ይላል። ቁልፉን እስክትጫኑት ድረስ ያለው ሥራ ሁሉ የእጅ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ።

ፈጣኑ ካሜራ ልጁን ሳያስፈቅድ ይወስደዋል። ይህን የምለው ካሜራን ለመክሰስ አይደለም፤ ለኳስ ጨዋታ፣ ለሠርግ፣ ለጥምቀት ግርግር ከእርሱ የተሻለ የለም። ነገር ግን አንድ ልጅ አፈር ላይ ተንበርክኮ ብይ ሲጫወት ቀና ብሎ ሳያየኝ ብዙ ፎቶ ወስጄ መሄድ እችላለሁ። ፎቶው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ልጁ ግን በነገሩ ውስጥ የለበትም።

በአሮጌው ሌንስ ይህ አይሆንም። ሄሊዮስ 44-2 ከግማሽ ሜትር በታች አቅርቦ አያይም፤ በአያቶቻችን መለኪያ አንድ ክንድ ያህል ማለት ነው። እኔ ሁለት ክንድ ያህል ርቄ ከልጁ ፊት እንበረከካለሁ። ቀለበቱን አዞራለሁ፤ ጥራቱ ከዓይኑ አልፎ ጆሮው ላይ ያርፋል። እመልሰዋለሁ፤ አሁን ደግሞ አፍንጫው ላይ። ልጁ ይህን ሁሉ እያየ ነው። መጀመሪያ የሚሰጠኝ ለፎቶ የተዘጋጀውን ፊት ነው፦ ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን አንሥቶ፣ ሁለት ጣቶቹን ዘርግቶ። በተለይ ቱሪስት የሚበዛበት የፋሲል ግቢ አካባቢ ያደጉ ልጆች ይህን ፊት በቃላቸው ይዘውታል። ግን ረጅም ጊዜ ሊይዙት አይችሉም፤ ይደክማቸዋል። ጣቶቹ ይወርዳሉ፣ አገጩ ይመለሳል። ከዚያ የሚመጣው ፊት ነው የእኔ ፎቶ፤ አንድ ትልቅ ሰው አንዲት ነገር ሲያቅተው ቆሞ የሚታዘብ ልጅ ፊት።

አንዳንዱ ያዝንልኛል። አንዳንዱ ሳቁን ሊይዝ ከንፈሩን ይነክሳል። «ጋሼ፣ ተበላሸ እንዴ?» ያለኝም አለ። በልጆች ዘንድ ትልቅ ሰው ሁልጊዜ የሚያውቅ፣ የሚያዝዝ፣ «ቀጥ በል» የሚል ነው። ያንን ሰው መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ላቡ እየወረደ ሲያዩት የሚያሳዩት ፊት ሌላ ቦታ አይገኝም። ሰዎች ፎቶዎቼን አይተው «ልጆቹ ምን ያህል ተፈጥሯዊ ናቸው» ሲሉኝ አልስማማም። እኔን እያዩ፣ እየመዘኑኝ ነው። ተፈጥሯዊ የሚባለውን ፊት እኔ ስሄድ ይመለሱበታል።

ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነው። እኔ ቀለበቱን ሳዞር ልጁ መሄድ ይችላል። ይሄዳሉም። አንዲት ልጅ ቁስቋም አጠገብ፣ ሹሩባዋ ገና ዕለቱን የተሠራ፣ ስጀምር ቆማ ነበር፤ ዓይኔን ከካሜራው ሳነሣ ግድግዳውን ዞራ ሄዳለች። አልጠራኋትም። እናቷ ፈቅዳልኝ ነበር፤ እናት የፈቀደችውን ልጇ ራሷ ልትከለክለኝ የምትችልበት ጊዜ መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ። ፈጣኑ ካሜራ ያንን ጊዜ አይሰጥም።

ወደ ቴክኒኩ ትንሽ ልግባ፣ የሚጠይቁኝ ስላሉ። በኤፍ 2 ከፍታችሁ ከአንድ ሜትር ርቀት ብታነሡ፣ ሙሉ ፍሬም በሚባለው፣ ብርሃን መቀበያው የድሮውን ፊልም ያህል በሆነው ካሜራ ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከዓይን እስከ ጆሮ ያለው ርቀት በትንሽ ልጅ ላይ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ልጁ ፊቱን ትንሽ ዘወር ካደረገ ደግሞ ቅርቡ ዓይን ጠርቶ ሩቁ ይደበዝዛል። ብዙ የውጭ አገር ፎቶ አንሺዎች ይህን እንደ ውበት ያዩታል። እኔ ለጎንደር እናቶች እንዲህ ያለ ፎቶ ሳሳይ ደስ አይላቸውም፤ ጣታቸውን የደበዘዘው ዓይን ላይ አሳርፈው ዝም ይላሉ።

ከዚህ ዝምታ ጀርባ ቤተ ክርስቲያን ያለች ይመስለኛል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኖቹ ይሣላል፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ጎንደር ተወልዶ በየሰንበቱ ያንን ግድግዳ እያየ ያደገ ሰው፣ ማንም ሳያስረዳው፣ አንድ ዓይን ሲጎድል ቅር ይለዋል። ስለዚህ ልጆችን ፊት ለፊት አነሣለሁ፤ ወይም ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 4 አጠብበዋለሁ፣ ያን ጊዜ ጥልቀቱ እጥፍ ይሆናል። የሄሊዮስ 44-2 ብልሃት እዚህ ላይ ይታያል። ሁለት ቀለበቶች አሉት። በአንደኛው ኤፍ 4ን አስቀድማችሁ ትወስናላችሁ፤ በሁለተኛው ከፍታችሁ በሙሉ ብርሃን ፎከስ ታደርጉና፣ ዓይናችሁን ሳታነሡ እስኪቆም ድረስ ትዘጉታላችሁ። ጣት ከለመደው ማሰብ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ቀለበቱን ማሳደድ ትቼ ወገቤን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዛለሁ፤ ልጁ ሲወዛወዝ እኔም እወዛወዛለሁ። ከሩቅ ለሚያየን እስክስታ የምንወርድ እንመስላለን።

እናቶችን ካነሣሁ አይቀር፣ የርዕሱን ነገር ልናገር። አንዲት የሰፈራችን እናት የልጃቸውን ፎቶ አትሜ ወሰድኩላቸው። በሕይወቴ ካነሣኋቸው ከምወዳቸው አንዱ ነው፤ ፊቱ ብቻ፣ ዓይኖቹ ብሌን ውስጥ እኔና የበሩ መቃን እስክንታይ ድረስ የጠሩ። ተቀበሉኝ፣ አዩት፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። «ጫማውስ የት አለ?» አሉኝ። ለበዓል አዲስ ጫማ ገዝተውለት ነበር።

ሳቄን ዋጥኩት፤ ምክንያቱም ትክክል ናቸው። ፎቶ ማለት በእኛ ዘንድ ምን እንደነበር አስታውሱ። ፎቶ ቤት እንወሰዳለን፤ ከኋላችን የተሣለ ፏፏቴ ወይም የአበባ መጋረጃ፣ ከጎናችን የፕላስቲክ አበባ። ካልሲያችን ተጎትቶ፣ ፀጉራችን በቅባት አብረቅርቆ፣ ከራስ እስከ እግር እንነሣለን። ያ ፎቶ ለአያት ይላካል፣ ለተሰደደ አጎት ይላካል፤ ልጁ እንደበላ፣ እንደለበሰ፣ በእግሩ እንደቆመ የሚመሰክር ደብዳቤ ነው። ፊቱን ብቻ ቆርጠህ ስታመጣ ምስክርነቱን ግማሽ አድርገኸዋል። ስለዚህ አሁን ሁለቱንም አነሣለሁ። ሦስት ሜትር ያህል እርቅና በኤፍ 8 ሙሉ ቁመናውን፣ ጫማውን ጨምሬ። ያኛው ለቤተሰቡ ነው። ፊቱ ለእኔ።

ግን ለፊቱም ጠበቃ አለኝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና በሉ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። ጣሪያው በሙሉ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ነው፤ በረድፍ በረድፍ፣ ትልልቅ ዓይን ያላቸው። እግር የላቸውም፣ ልብስም የላቸውም፤ ጫማቸውን የጠየቀም የለም። ለብዙ ጊዜ ካያችኋቸው አንዱ ከሌላው ትንሽ ይለያል፤ አንዱ ወደ ግራ ያያል፣ ሌላው የተከፋ ይመስላል። ፊት ለብቻው ምን ያህል እንደሚበቃ ከዚያ ጣሪያ የበለጠ ያስተማረኝ የለም። ለእኚያ እናት ይህን ብነግራቸው «እነሱ መላእክት ናቸው፣ የእኔ ልጅ ግን ጫማ አለው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

ስለ ሄሊዮስ የሚወራው ትልቁ ወሬ ከጀርባ ያለውን ቅጠል ማሽከርከሩ ነው። እውነት ነው፤ በሰፊው ከፍታችሁ ከልጁ ጀርባ በጥቂት ሜትር ርቀት ቅጠል ካለ፣ የብርሃን ነጠብጣቦቹ በፊቱ ዙሪያ ይዞራሉ። ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያሉት ዛፎች፣ ሥራቸው ግንቡን ያቀፈው፣ ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ። እኔ ሰልችቶኛል። ተመልካቹ ቅጠሉን አይቶ «ምን ዓይነት ሌንስ ነው?» ካለ ልጁ ጠፍቷል ማለት ነው። ከድንጋይ ግንብ ፊት ሳቆመው የሚሽከረከር ነገር አይኖርም፤ ይሻለኛል።

ብርሃኑን በአጭሩ ልለፈው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የበጋው ቀትር ፀሐይ ጨካኝ ነው፣ ከቅንድብ ሥር ጉድጓድ ይቆፍራል። ልጁን ከደጃፍ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አስገቡት፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጉት፤ ከመሬት የሚመለሰው ብርሃን ዓይኑን ያበራዋል። ፀሐይ ከጀርባው እንዳትሆን፤ በዚህ ሌንስ መስታወት ላይ የተቀባው ነጸብራቅ መከላከያ ደካማ ስለሆነ ሥዕሉ በሙሉ ይገረጣል። ነጭ በሚለበስበት ቀን ደግሞ የካሜራው ብርሃን መለኪያ ነጠላውን አይቶ ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልማል፤ የሚጎዳው የልጁ ጠይም ፊት ነው። ልኬታችሁን ከጉንጩ ውሰዱ።

አንድ ነገር ከእማማ ተምሬአለሁ፣ እኔን ካሳደጉኝ ጎረቤታችን። ልጅ በዓይን ይታመማል ብለው ያምናሉ፤ ረጅም ጊዜ አፍጥጦ የሚያይ ሰው አይወዱም፣ እኔ ደግሞ ሥራዬ ማፍጠጥ ነው። «መርቀህ አንሣ» አሉኝ። ስለዚህ ከማንሣቴ በፊት «እደግ፣ ተመንደግ» እላለሁ። በዓይን ባላምንም ምርቃቱ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ አያቲቱ ከደጃፍ ሆነው «አሜን» ይላሉ፣ ልጁ ደግሞ አንገቱን ሰበር አድርጎ ቀና ሲል ትከሻው ይላላል። የልጆቹን ፊት በማኅበራዊ መገናኛ አላወጣም፤ ለቤተሰቡ አትሜ እሰጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ የእነርሱ ጉዳይ ነው።

በመጨረሻ፣ ይህን ሌንስ ልግዛ ወይ ለምትሉኝ። መጀመሪያ የዘመድ ቁም ሣጥን ፈትሹ፤ ሶቪየት ኅብረት የተማረ ሰው ያለበት ቤት ዜኒት ይኖር ይሆናል። ካገኛችሁ የስልክ መብራት በመስታወቱ ውስጥ አሳልፉ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ የክረምት እርጥበት ያመጣዋል። ቀዳዳውን የሚያጠብቡት ስስ ብረቶች ላይ ዘይት ቢኖር በዚህ ሌንስ ብዙ አያሳስብም፤ የሚያንቀሳቅሳቸው እጃችሁ እንጂ ስፕሪንግ አይደለም። ቀለበቱ ከከበደ ግራሶው ደርቋል፤ የእኔው ወደ ደባርቅ ስወጣ በብርዱ እንደዚያ ይሆናል፣ እጄ ውስጥ ይዤ አሞቀዋለሁ። ዋጋ ሲነግሯችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ይህ ሌንስ በብዛት የተመረተ ነው፣ ብርቅ አይደለም። ሻጩ ቅጠል ያሽከረክራል ብሎ ዋጋ ከጨመረባችሁ፣ አመስግናችሁ ሂዱ።